የሰም ጥርስና የዝምታ ጾም

ልጅቱ የነፍሷን ቁመት የምትለካ ሰው ነበረች። እናቶች የልጆቻቸውን ቁመት በበር መቃን ላይ በእርሳስ እንደሚያሰምሩ ሁሉ፣ እሷም በአምልኮ ቀን ማግስት ማለዳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምን ያህል ወደ እግዚአብሔር እንደተጠጋች በልቧ ታሰምር ነበር። ነፍሷ በተለካች ቁጥር አድጋ ትገኛለች። አንድም ቀን አጥራ አታውቅም። ሜትሩን የያዘችው ራሷ መሆኗ ጥቂት ሊያጠራጥራት ይገባ ነበር፤ ግን የገዛ ሜትሩን የሚጠራጠር ሰው ስንት አለ?

ትምህርቷ የሰው ሠራሽ ጥርስ ሥራ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳለች። የሥራ ክፍላቸው ረጅም የብረት ጠረጴዛ፣ በየተማሪው ፊት አንዳንድ የጋዝ ነበልባል፣ ከመስኮቱ ሥር የጀሶ ከረጢት፣ ከግድግዳው ላይ ደግሞ በጀሶ የተቀዱ የማያውቋቸው ሰዎች መንጋጋዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለው። እነዚያ መንጋጋዎች ፊት ስለሌላቸው ሁሉም የሚስቁ ይመስላሉ። ልጅቱ እጇ ቀጭን፣ ዓይኗ ስል ነው። መምህሩ ተማሪ አሞግሶ የማያውቅ ሰው ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የሠራችውን ክራንቻ አገላብጦ አይቶ «ይሄ የሚገባለት ሰውዬ ይነክሰናል» ብሎ አልፏታል። በዚያ ክፍል ይህ እንደ ሜዳልያ ይቆጠራል።

ሌላው ስጦታዋ ምላሷ ነው፤ እሱን የወረሰችው ከአባቷ ነበር።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር። እንቅልፍ ይከለክላል በሚል ሰበብ ዕድሜውን ሁሉ መሪ ላይ ከረሜላ ሲመጥ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከረሜላውም ጥርሱም አብረው አለቁ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሹፌሩ» ይለዋል፤ ከአውቶቡስ መውረድ ይቻላል፣ ሰው ካወጣልህ ስም መውረድ ግን የለም። ሚስቱ የሞተችው ልጅቱ የወተት ጥርሷን በምትነቅልበት ዕድሜ ነው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ሲኖሩ፣ ፍቅራቸውን የሚገላለጹት በተረብ ብቻ ነበር።

«ሬዲዮዬ፣ ዜናው ገና አላለቀም?» ይላታል ከኮሌጅ ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ስትለፈልፍ።

«ገና ማስታወቂያው ነው። ድድህን ሰብሰብ አድርገህ አዳምጥ።»

«ድዴን አትንኪ። ይሄ ድድ ነው ያሳደገሽ።»

«ለዚያ ነዋ አጥንት መጋጥ ሳላውቅ ያረጀሁት!»

እንዲህ እየተባባሉ ይስቃሉ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ ያዳምጣቸው እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ለእሱ ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለመመረቂያው ለአንድ ጥርስ ለሌለው ሕያው ሰው ሙሉ ጥርስ ሠርቶ ማስረከብ አለበት። ሹፌሩ አፉን ለልጁ ሊሰጥ ሲስማማ «ለአንቺ ስል ነው እንጂ እኔስ ድዴን ለምጄዋለሁ» አለ። ልጅቱ ግን አልተሞኘችም። ከመንገዱ ማዶ ክርና አዝራር የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ነበረች። ካለፈው የዝናብ ወር ጀምሮ የአባቷ ሸሚዝ አዝራሮች እየተከታተሉ መርገፍ ጀምረው ነበር፤ ሰውየውም ለእያንዳንዷ አዝራር መንገዱን እየተሻገረ ሩብ ቀን ይቆያል። አንድ ቀን ልጅቱ ሸሚዙን አንስታ ብትመረምር፣ ክሩ በመቀስ የተቆረጠ ሆኖ አገኘችው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ለአንድ ወር የሚበቃ ተረብ ይወጣው ነበር። እሷ ግን ሸሚዙን መልሳ ሰቀለችና ልትጸልይ ተንበረከከች።

«ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ ይሁን፤ ፈቃድህ ካልሆነ ግን አርቃት።»

ጸሎቱ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ከመጀመሪያው ጮክ ማለቱ ብቻ ነው እንከኑ። ምክንያት አላጣችም። ሴትዮዋ በአምልኮ ቀን ሱቋን ትከፍታለች። ሴትዮዋ ስትስቅ ትሪ ከደረጃ ላይ የተንከባለለ ይመስላል። ሴትዮዋ ጸሎት ቤት ደጃፍ ዝር ብላ አታውቅም። እነዚህን ሁሉ ለእግዚአብሔር አንድ ባንድ አስረድታዋለች። ያላስረዳችው ስለ ወንበሩ ነው። በመስኮቱ አጠገብ እናቷ ትቀመጥበት የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር አለ፤ አባቷ ሰሞኑን ያንን ወንበር መወልወል ጀምሮ ነበር።

የኮሌጁ የጸሎት ማኅበር የሚሰበሰበው ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ፣ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥባት በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ጥግ ላይ እስከ ዛሬ የተነፈሱ ኳሶች አሉ። የማኅበሩ መሪ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናት፤ ሁሉም ፊት ለፊቷ «እህታችን»፣ ዞር ስትል ግን «ኦዲተሯ» ይሏታል። የሰውን ነፍስ ገቢና ወጪ ከባለቤቱ ይልቅ የምታውቅ ሴት ናት። ማኅበሩ አንድ የራሱ ሥርዓት አለው። ማንም ሰው የሚጾመውን ነገር ራሱ አይመርጥም። ሰው ለራሱ ሲመርጥ የሚተወው የማይወደውን ነው፤ ስለዚህ እህቶች መክረው ለእያንዳንዷ የምትወደውን ያትሙባታል። ከታተመ በኋላ ለአንድ ሳምንት መንካት የለም።

«ለእሷስ ምን እናትምላት?» አለች ኦዲተሯ፣ የልጅቱ ተራ ሲደርስ።

«እንቅልፍ!» አለች አንዷ።

«እንቅልፏንማ ወሬዋ ጨርሶታል» አለች ሌላዋ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ኦዲተሯ አልሳቀችም። «እንግዲያው ወሬዋን ነዋ። አንደበትሽን አትመነዋል። መምህር ሲጠይቅሽ ብቻ ትመልሻለሽ፤ ፈተና መውደቅ ጾም አይደለም።»

«በምልክትስ?» አለች ልጅቱ።

«ምልክትም ቋንቋ ነው።»

«አባቴ ቢጠራኝስ?»

«እህቴ፣ ጾም የሚፈተነው በምንወደው ሰው በኩል ነው። ዛሬ ንገሪውና ጨርሺ። ከነገ ጀምሮ ሰማይ ቢደረመስ…»

«ዝም» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ከዚያ በየተራ እየመጡ አውራ ጣታቸውን ከንፈሯ ላይ አሳረፉ። ማተም ማለት ይህ ነው።

መጀመሪያ ቅር አላት። ወዲያው ግን ለሌሎቹ የታተመውን አሰበች፤ ለአንዷ ጣፋጭ፣ ለሌላዋ መስታወት። እንደ እሷ ትልቅ ነገር የታተመበት የለም። ነፍሷ በዚያች ቅጽበት አንድ ጣት ስትረዝም ተሰማት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የአባቷን ጥርስ ለሙከራ ወደ ቤት ወሰደች። ሥራው እንዲህ ነው፤ የድዱ ልክ ይወሰዳል፣ በጀሶ ይቀዳል፣ በጀሶው ላይ ድድ የመሰለ ሮዝ ሰም ይነጠፋል፣ ጥርሶቹም በሰሙ ላይ አንድ ባንድ ይተከላሉ። አፍ ገብቶ ልኩ ከታየ በኋላ ሰሙ በፈላ ውሃ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ጠንካራው ፕላስቲክ ይገባል። ለማያውቅ ሰው የሰሙና የፕላስቲኩ ጥርስ አይለይም። መምህሩ የሥራ ክፍሉን ለጽሑፍ ፈተናው ሳምንት ሲዘጋ ተማሪዎቹን በር ላይ አቁሞ አስጠንቅቋቸዋል።

«የሰሙ ጥርስ ለመስታወት ነው እንጂ ለአፍ አይደለም። ሙቅ ነገር ከነካው ይረግፋል። ለባለቤቱ ንገሩት፤ ከነገራችሁት በኋላም ድገሙለት። ሽማግሌ አዲስ ጥርስ ሲያገኝ ሕፃን ማለት ነው።»

ሹፌሩ ጥርሱ ሲገባለት መስታወቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ይመስል ለራሱ ሰላምታ ሰጠ።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ! የት ጠፍተው ነው?» አለና ወደ ልጁ ዞረ። «አለቀ እንግዲህ?»

«ትንሽ ነገር ይቀረዋል፤ እነግርሃለሁ» አለችው። ልትነግረውም አስባ ነበር። ግን ከዚያ በፊት ስለ ማኅተሙ መንገር ነበረባት፤ ስለ ኦዲተሯ፣ ስለ አውራ ጣቱ፣ ዝምታ ነፍስን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ከሁሉም እህቶች የእሷ እንዴት እንደሚከብድ። ለሳምንት የሚበቃትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ጨረሰች። ጥርሱን ውሃ ባለበት ክዳናም ኩባያ ውስጥ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ስለ ሰሙ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ተንኮል አልነበረም፤ ገና።

በማግስቱ ዝምታው ተጀመረ።

«ሬዲዮዬ ባትሪ ጨረሰች?» አላት አባቷ ጠዋት። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የአንቺ ግን ሳይነቅዝ አይቀርም፤ ብዙ ዘመን ሳይነካ የተቀመጠ ነው።»

ዝም።

በሚቀጥለው ቀን የሁለቱንም ድርሻ ብቻውን ይጫወት ጀመር። በራሱ ድምፅ ይጠይቃል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በልጁ ድምፅ ይመልሳል። «ዜናው አላለቀም? — ገና ማስታወቂያው ነው፣ ድድህን ሰብስብ!» ከታች የስፌት መኪናው ቆመ፤ ልብስ ሰፊው ሳቀ። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ መጽሐፏ ላይ አቀረቀረች። በስተኋላ አባቷ ይህንንም ተወው፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው ቶሎ ይደክመዋል።

እሷ ግን ዝምታው ጣማት። የቧንቧውን ጠብታ፣ የደረጃውን እንጨት፣ የራሷን ትንፋሽ ሰማች። እግዚአብሔርንም የሰማችው መሰላት። የሚናገራት በአብዛኛው ስለ እሷ መልካምነት ነበር።

ሳምንቱ ሲጋመስ ሹፌሩ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ።

«ሻይ ጠጣ ተብያለሁ፣ ከመንገዱ ማዶ! ታላቅ ወንድሟ ከሩቅ መጥቷል፤ 'ሰውየውን ልየው' ብሏል አሉ። ሰውየው እኔ ነኝ እንግዲህ!»

ተላጨ። የጡረታው ስንብት ዕለት የለበሰውን ኮት ከሣጥን አወጣ። አዝራሮቹ ሁሉ አሉ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ኩባያ አወረደና ጥርሱን አራግፎ አፉ ውስጥ ከተተ። ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ለፈተና እያጠናች ነበር። መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ይሄ አለቀ አይደል? ትንሽ ይቀረዋል ብለሽኝ ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። ጥርሱ አምሮበታል። በገዛ እጇ ነው የተከለችው፤ የፊቱን ሁለቱን በእናቷ ሠርግ ፎቶግራፍ ላይ እንዳየችው በጥቂቱ አጠጋግታቸዋለች። በሃያ ዓመት ወጣት ሆኗል።

«የሚቀረው ካለ ራስሽን ነቅንቂ ብቻ» አላት ዝቅ ብሎ። «ለጌታሽ አልነግርብሽም።»

ቃሉ አጭር ነው፤ «የሰም ነው፣ አባዬ»። ከጉሮሮዋ ተነስቶ እስከ ከንፈሯ መጣ። የሻዩ እንፋሎት ታያት፤ የሚሆነውን ሁሉ ከመሆኑ በፊት ጥርት አድርጋ አየችው። የሠራውን ሰው ያህል አፈራረሱን የሚያውቅ የለም። ምልክትም ቋንቋ ነው፣ አለች በልቧ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ፣ ለስለስ ያለ፣ ጸሎት የሚመስል ሐሳብ መጣላት። አርቃት ብለሽ ስትለምኚ ከርመሻል። መንገዱ ሲከፈት በሩን የምትዘጊው አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ምንም አላደርግም፣ አለች። ዝም ነው ያልኩት። ምንም አላደርግም።

ዓይኗን ወደ መጽሐፏ መለሰች።

«እንግዲህ ዝምታ መስማማት ነው» አለ ሹፌሩ ደስ ብሎት። ኮቱን አራገበና እንደ ሙሽራ አንድ ዙር ዞረ። «እንዴት ነኝ?»

ዝም።

እያፏጨ ደረጃውን ወረደ። ጥርሱ ካለቀ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም ነበር፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ አጨበጨበለት። ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ ይባላል። ምላስ ዝም ብሎ ተኝቶ ጥርስ ያስረገፈው ግን ያን ቀን ነው።

ሲመለስ ፉጨት አልነበረም። ደረጃውን አንድ ባንድ ወጣ፣ ገባ፣ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ በተከፈተው መጽሐፏ ላይ ዘረጋው። የተጣመመ ሮዝ ሰም፣ በዙሪያው የተበተኑ ጥርሶች። የፊቶቹ ሁለቱም አሉበት። ከዚያ ቆሞ አያት። አልተቆጣም። ጊዜ እየሰጣት ነበር። «ወይኔ አባዬ» ብትል እንኳ ይበቃው ይሆናል።

ማኅተሙ የሚነሳበት ቀን ገና አልደረሰም። ሰማይ ቢደረመስ ተብሏል። ደግሞስ አሁን ብናገር ምን ይለወጣል፣ የቆየሁበትን ከማፍረስ በቀር፣ ብላ አሰበች። ዝም አለች።

ሹፌሩ መልሱን እንደተቀበለ ሰው ራሱን ነቀነቀና ወደ ክፍሉ ገባ።

ሳምንቱ እስኪያልቅ በዚያ ቤት ሁለት ዝምታ ኖረ። አንደኛው የሚያልቅበት ቀን ይታወቅ ነበር።

ማኅተሙ በተነሳበት ጠዋት የመጀመሪያ ቃሏን ለእሱ አስቀምጣለት ነበር። «አባዬ» አለችው። እሱ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ አስሮ ጨረሰና ወጣ። ከታች ከልብስ ሰፊው ጋር ስለ አየሩ ሲያወራ ሰማችው። ድምፁ ደህና ነው።

መንገዱን ተሻግራ ወደ አዝራር ሱቁ ሄደች።

«ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?» አለች ሴትዮዋ።

«የምገዛው የለኝም እትዬ። ስለ አባዬ ልጠይቅዎ ነው።»

ሴትዮዋ ይዛው የነበረውን የክር ጥቅል አስቀመጠች። «ሻዩን አንዴ ፉት አለ። ሁለተኛ ሲል አንዷ ጥርስ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አለች። ወንድሜ ዓይኑ ደከም ያለ ነው፣ ስኳር መስሎት 'ኧረ ጨምሩለት' አለ።» ፈገግ ልትል ብላ ተወችው። «ከዚያ የፊቶቹ መጡ። አፉን በእጁ ቢይዝ በጣቶቹ መሃል ሮዝ ነገር ወረደ። ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ታውቂዋለሽ፣ አንዴ ከያዘኝ አይለቀኝም። እያለቀስኩ እስቅ ነበር። እሱ ጥርሱን ከጠረጴዛው ላይ ሲለቅም እኔ እስቅ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሱቄን ላለማየት በታችኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። ድዱን ሳየው የኖርኩ ሴትዮ ነኝ እኮ! ጥርስ ማን ጠየቀው?»

ልጅቱ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም። «ሲወጣ ምን አለ?»

«ወንድሜ 'ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራልዎ' አለው። 'ልጄ' አለ። 'ታዲያ ሲወጡ አላየችዎትም?' ቢለው፣ 'አይታኛለች፤ ጾም ላይ ናት' አለ።» ሴትዮዋ የክር ጥቅሉን መልሳ አነሳች። «ጾምሽን ይቀበልልሽ የኔ ልጅ።»

ከሰዓት በኋላ በተነፈሱት ኳሶች መካከል ምስክርነት ነበር። ጣፋጭ የታተመባት ስለ ጣፋጭ፣ መስታወት የታተመባት ስለ መስታወት ተናገሩ። የልጅቱ ተራ ሲደርስ ኦዲተሯ «ያንቺን ነው የጠበቅነው» አለቻት።

ልጅቱ ሁሉን ተናገረች። ሰሙን፣ ሻዩን፣ መሐረቡን፣ አርቃት ያለችውን ጸሎት። «ዝም ያልኩት ለእግዚአብሔር አልነበረም» አለች፤ «ለወንበር ነው።» ራሷን አዘጋጅታ መጥታለች። እንዲያባርሯት፣ ቢያንስ እንዲጠየፏት ፈልጋ ነበር። መመታት የሚገባው ሰው ዱላውን ሲነፈግ እንዴት እንደሚሆን ገና አላወቀችም።

ኦዲተሯ እንባዋን ጠረገች።

«አያችሁ እህቶቼ? የገዛ አባቷ ፊቷ ቆሞ ሲለምናት ማኅተሟን ያልፈታች! እኛ በጣፋጭ እናቃስታለን።»

«አልገባችሁም። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«ይሄ ክስ የጠላት ነው፤ ፍሬሽን ሊቀማሽ ነው።»

«የጠላት አይደለም፤ እኔ ነኝ! ክፉ ነኝ!»

«ትሕትናዋን ተመልከቱ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«አባቴ አያናግረኝም እኮ።»

«ዋጋ ነው እህቴ» አለች ኦዲተሯ፤ «ዋጋ ያልተከፈለበት ጾም የለም።» ከዚያም ከሚመጣው ወር ጀምሮ አታሚዋ ልጅቱ እንድትሆን፣ በአምልኮ ቀንም በጸሎት ቤቱ ጉባኤ ፊት እንድትቀርብ ተወሰነ። አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር፣ ጭብጨባው መሃል ላይ ሲደርስ ነፍሷ እንደገና አንድ ጣት ረዘመች። ተሰማት። ለመጀመሪያ ጊዜም መርዘሟን ጠላችው፤ አጭር ሁኚ ብትላት ግን እሺ የምትል ነፍስ አልነበረችም።

የሥራ ክፍሉ እንደተከፈተ ጥርሱን እንደገና ሠራችው። ሰሙን እንደ አዲስ አነጠፈች፣ ጥርሶቹን ተከለች፣ አፈላች፣ ፕላስቲኩን ሞላች፣ እስኪያበራ ሞረደች። መምህሩ አገላብጦ አየና «ይነክሳል» አለ። ቤት ስትወስደው አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሐኪም ዘንድ እንደቀረበ በሽተኛ አፉን ከፈተላት። ገጥማለት ጨረሰች።

«ልክ ነው አባዬ? ያምሃል?»

መስታወቱን አይቶ አስቀመጠው። ጥርሱን አወለቀ፣ ኩባያው ውስጥ ከተተ፣ ክዳኑን ገጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሱ እዚያው ነው። ሰውየው እንደ ድሮው በድዱ ይበላል፣ ከልብስ ሰፊው ጋር ይስቃል፣ የጎረቤትን ድመት እንኳ «እንዴት አደርሽ» ይላታል። ለእሷ ብቻ ነው የጾመው።

ተረብ ሞከረች። «ድድህን ሰብሰብ አድርገህ አዳምጥ» አለች። አልተቀበላትም። አንድ ቀን ጠዋት እሱ እንዳደረገው የሁለቱንም ድርሻ ብቻዋን ተጫወተች፤ በወፍራም ድምፅ «ሬዲዮዬ፣ ዜናው አላለቀም?» ብላ ጠየቀች፣ በራሷ ድምፅ መለሰች። ድምፁን ማስመሰል አልቻለችም፤ ሲቀልድ ጥሩ አድርጋ አዳምጣው እንደማታውቅ ያኔ ገባት። አባቷ ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ እውነተኛ ሬዲዮ ገዝቶ ይዟል። በመስኮቱ አጠገብ ባለው በእናቷ ወንበር ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዜና አለ።

የምትቀርብበት የአምልኮ ቀን ደረሰ። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ በዋዜማው ሁለት ጊዜ የተኮሰችው ነው። አባቷ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል። በሩ ዘንድ ደርሳ ቆመች። ልትጠይቀው አላሰበችም ነበር፤ አፏ ቀደማት።

«አባዬ፣ እንዴት ነኝ?»

ቀና አለ። ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ አያት፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። ዓይኑ ግራ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግንባሩን ሰበሰበ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው።

«ምንድን ነው? ትከሻዬ ላይ ነው?» መስታወቱ ጋ ሮጠች፣ ተጠማዘዘች፣ ዳሰሰች፣ ምንም አላገኘችም። «ወይስ ከኋላ ነው? አባዬ፣ በጌታ! ራስህን ነቅንቅልኝ ብቻ።»

ሹፌሩ አውራ ጣቱን አንስቶ ከንፈሩ ላይ አሳረፈ። ያን ዕለት ስለ ማኅተሙ አንድ ቃል ሳታስቀር የነገረችውን ሁሉ በሚገባ አዳምጦ ኖሯል። ከዚያ ወደ ሬዲዮው ዞረ።

መንገዱን ሁሉ ግራ ትከሻዋን በቀኝ እጇ ይዛ ሄደች። ሴትዮዋ ከአዝራር ሱቋ ደጃፍ አየቻትና ፈገግ አለች፤ ልጅቱ ለምን እንደሆነ ፈለገች። በጸሎት ቤቱ ውስጥ በጉባኤው ፊት ቆማ ሳለች፣ ኦዲተሯ ስለ ጾሟ ስትተርክ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ሁለት ልጃገረዶች ተጠቃቀሱ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም የሚያዩት፣ ማንም የማይነግራት አንድ ነገር ላይዋ ላይ ነበር።

«እንጸልይ» ተባለ። ዓይኗን ጨፈነች። ያቺ ቁመቷን ስትለካ የኖረች ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያላዘጋጀችውን ጸሎት ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ ምን አለብኝ? ንገረኝ።»

ጠበቀች። በዚያ የዝምታ ሳምንት ስለ መልካምነቷ ብዙ ያወራት አምላክ አንድ ቃል አልተናገረም። ጉባኤው አሜን ብሎ ተነስቶ መዘመር ሲጀምር፣ እሷ እጇን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች፣ ገና መልስ ትጠብቅ ነበር።

ለነገሩ ትከሻዋ ላይ ምንም አልነበረም። ቀሚሱ ከአንገት እስከ ጠርዙ የጸዳ ነው። ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያች ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ዜናውን ከፍ አድርጎ፣ ጾሙን ይጾም ነበር።